የሚስ ሬኒታ ፌስታል

«ጆሮሽን ያዢ!»

ሚካያ የግራ ጆሮዋን በሁለት ጣቶቿ አጥፋ ወደ ታች ጎተተችው። ምድጃው ላይ የጋለው የብረት ማበጠሪያ ከጆሮዋ ጀርባ ሲያልፍ የቅባቱ ጢስ አፍንጫዋ ውስጥ ገባ። ከርዳዳው ፀጉሯ በማበጠሪያው ጥርሶች መካከል አልፎ በሌላው በኩል ዘንፋላ ሆኖ ወረደ።

«አትንቀሳቀሺ ብዬሻለሁ» አለች እናቷ ደልፊን። «ካቃጠልኩሽ በኋላ ‹ማሚ አቃጠለችኝ› እንዳትዪ።»

«አልተንቀሳቀስኩም እኮ!»

«አንገትሽስ ምን እያደረገ ነው?»

ዕለቱ ስቅለት ነው። ደልፊን ከሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ፈረቃዋን ጨርሳ የገባችው ጠዋት ነበር። ትንሽ ጋደም አለችና ተነሳች፣ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ተመለሰች፣ ከዚያ ልጇን ወጥ ቤት ወንበር ላይ አስቀምጣ ሥራዋን ጀመረች። መጀመሪያ ሹሩባውን ፈታች። ቀጥላ አጠበች፣ አደረቀች፤ አሁን ደግሞ ፀጉሩን በትንሽ በትንሹ እየለየች ትተኩሳለች። ከቆመች ሦስት ሰዓት አልፏታል።

በአሜሪካዋ የወደብ ከተማ በሳቫና፣ በነሚካያ ሰፈር፣ ልጅሽ በትምህርቷ ስንተኛ ወጣች ብሎ እናትን የሚጠይቅ ብዙ ሰው የለም። በፋሲካ እሑድ ግን ልጆች ተራ በተራ መድረክ ላይ ወጥተው ግጥም በቃላቸው ሲሉ፣ ምእመኑ ከግጥሙ በፊት የሚያየው ፀጉር ነው። ባለፈው ዓመት ደልፊን በዋዜማው ድንገት ለሥራ ተጠርታ የሚካያ ፀጉር እኩሉ ተጎንጉኖ እኩሉ እንደተበተነ ቀረ። ሚካያ እንዲያው እንዳለች መድረክ ወጣች። ከመዘምራኑ አንዷ «ይቺ ልጅ እናት የላትም እንዴ?» ስትል ደልፊን ከኋላዋ ወንበር ተቀምጣ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ነገሩ ከሆዷ አልወጣም። ዘንድሮ ለሚካያ የደረሳት ትልልቆቹ ልጆች ብቻ የሚሉት ረጅሙ የትንሣኤ ግጥም ነው። ደልፊንም ማበጠሪያዋን ያጋለችው ለፀጉሩ ብቻ አልነበረም።

«እሑድ ያቺ ሴትዮ ታየሻለች» አለች፣ የመጨረሻውን ጭራ እየሳበች። «ትይሻ! ዓይኗ እስኪፈስ ትይሽ!»

ሚካያ ሳቀች። ወዲያው ግን ነገ ትዝ አላት።

ነገ ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ፈተና አለባት። በወደቡ ላይ ትልልቅ መርከቦችን እየገፉና እየጎተቱ የሚያስገቡ ጀልባዎች አሉ፤ ጎታች ይሏቸዋል። የጎታቾቹ ሰዎች በየዓመቱ ስምንተኛ ክፍል ከሚጨርሱ ተማሪዎች አሥራ ሁለቱን መርጠው፣ ትምህርት ሲዘጋ ለስምንት ሳምንት ጀልባ ላይ ያስተምራሉ። ከስምንተኛ ክፍል ያለፈ ሰው ሁለተኛ ዕድል የለውም። ሚካያ የጽሑፉን ፈተና አልፋለች። የቀራት የዋናው ነው፤ ከከፍታ ላይ ወደ ውሃ መዝለል፣ ሁለት መቶ ሜትር መዋኘት፣ ምንም ሳይይዙ አሥር ደቂቃ ውሃ ላይ መቆየት።

እናቷ «የመጨረሻ ፈተና» መሆኑን እንጂ ዋና መሆኑን አታውቅም። የፈቃድ ወረቀቱን የፈረመችው ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ሥራ እየረፈደባት፣ በር ላይ ቆማ ነው። ልጇ በወጣቶች ማዕከሉ ገንዳ የብርዱን ወራት ሙሉ እንደዋኘች ታውቃለች፤ ያኔ ግን ፀጉሯ ሹሩባ ነበር፣ ሹሩባ ደግሞ ውሃ አይፈራም። የተተኮሰ ፀጉር ሌላ ጉዳይ ነው። ጠብታ ከነካው ወደነበረበት ይመለሳል። ደልፊን ነገ ከቀትር ጀምሮ እስከ ማታ ሥራ ስለምትገባ እንደገና የሚተኩስ እጅ የለም።

ሚካያ ይህን ሁሉ ካወቀች ወር ሆኗታል። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስትል ስቅለት ደረሰ።

«በይ ጨረስን» አለች ደልፊን፣ ወገቧን ይዛ ቀና እያለች። መስተዋቱን ከፊቷ አቆመችላት። ፀጉሩ ትከሻዋ ላይ ተኝቶ ያበራል። ሚካያ ራሷን አየችና ደስ አላት፤ መደበቅም አልቻለችም። እናቷም አየቻት።

«አሁን ያንን ትልቁን ድስት ለሚስ ሬኒታ አድርሺላት። ሸርጣን ልትቀቅልበት ፈልጋዋለች። በጥላው በኩል ሂጂ፤ ላብ እንዳያገኝሽ!»

ሚካያ መጀመሪያ መኝታ ክፍሏ ገብታ ከአልጋዋ ሥር አንድ ትንሽ ቦርሳ አወጣች። ከዚያ ድስቱን አቅፋ ወጣች።

ሚስ ሬኒታ የምትኖረው ከሁለት መንገድ ማዶ ነው። ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ጥጥ የመሰለ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ሴት። በሥራ ቀን የጎታች ጀልባ ካፒቴን ናት። እሑድ እሑድ ነጭ ጓንት አጥልቃ ምእመኑን ወንበር የምታስይዘው እሷ ናት፤ መርከብም ሰውም ወደ ቦታው መግፋት ይሆንላታል።

ሰፈሩ ግን ከሁሉ በላይ የሚያውቃት በታሪኳ ነው። ፓስተሩ በየዓመቱ በየካቲት አንዱን እሑድ ለሥራ ሰዎች ሰጥቶ ልጆቹን ከፊት ያስቀምጣቸዋል፤ ሚስ ሬኒታም በየዓመቱ ያንኑ ትናገራለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ሳለ ጎታች ላይ የወጥ ቤት ሠራተኛ ነበረች። የመርከበኛ ቦታ ተከፈተና ለውሃው ፈተና ሄደች። ነጩ ፈታኝ ሰዓቱን አንጠልጥሎ ቆሞ ነበር። «ቆዳዬን አየ» ትላለች እዚህ ላይ ስትደርስ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ልብሴ ሳይደርቅ ‹ወድቃለች› ብሎ ጻፈ።» «ተናገሪ!» ይላል ሕዝቡ። «ከስድስት ዓመት በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ዛሬ መሪውን የምጨብጠው እኔ ነኝ!» «አሜን!»

ሚካያ መጀመሪያ የሰማችው በዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሥራ አስባ አታውቅም። ከፋሲካው ግጥም ይልቅ ያንን ታሪክ በቃሏ ትወጣዋለች።

ሚስ ሬኒታ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ሸርጣን በብሩሽ ትፈትጋለች። ቀና ስትል ብሩሹ ከእጇ ቆመ።

«ኧረ ኧረ! ይቺ ማናት? ደልፊን ልጅ ለወጠች እንዴ?»

«እኔ ነኝ፣ ሚስ ሬኒታ።»

«አውቄሻለሁ የኔ ልጅ፤ ላሞግስሽ ብዬ ነው። ድስቱን እዚያ አስቀምጪና ዞር በይ እስቲ ልይሽ። ተይ፣ እናትሽ እጇ ይባረክ!» ከዚያ ግን ዓይኗ ጠበብ አለ። «ቆይ፣ ፈተናሽ ነገ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ ይሄ ፀጉር?»

ሚካያ መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችውን ተናገረች። ለፈተናው ሰዎች ደውላ አንድ ሳምንት እንዲያራዝሙላት ትለምንላት እንደሁ ጠየቀች። «እርስዎን ያውቁዎታል። እርስዎ ካሉ እሺ ይላሉ።»

«ምን ብዬ?»

«አሟታል ቢሏቸውስ?»

«አሞሻል?»

ሚስ ሬኒታ ሸርጣኑን ገልብጣ ሆዱን መፈተግ ጀመረች።

«አልደውልም» አለች። «ሠላሳ ልጅ ነገ ይመጣል፣ የሁሉም ፈተና ነገ ነው። እኔ ደውዬ ላንቺ ብቻ ካራዘምኩ ‹የሬኒታ ልጅ› ተብለሽ ነው የምትገቢው። ጀልባ ላይ እንዲያ ተብሎ የገባ ሰው ገመድ የሚያቀብለው አያገኝም።»

«እሺ፣ ችግር የለም። ሌላ ዘዴ አለኝ» አለችና ሚካያ ቦርሳዋን ከፈተች። ሁለት የመዋኛ ቆብ፣ አንድ ሰፊ ፌስታል፣ ሦስት ላስቲክ። ደረጃው ላይ በተራ ደረደረቻቸው። «መጀመሪያ በጨርቅ እጠቀልለዋለሁ። ከላዩ ፌስታሉን አጠልቅና በላስቲክ አስረዋለሁ። ከዚያ ቆቡን በቆቡ ላይ። ቤት መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተኝቼ ሞክሬዋለሁ፤ ሃያ እስክቆጥር አንድ ጠብታ አልገባም። ቀላል ነገር ነው!»

ሚስ ሬኒታ ፌስታሉን አየችው። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሳቁ አመለጣት። ብሩሹን ጥላ፣ ደረቷን በእርጥብ እጇ ይዛ፣ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሚካያ ፊቷ ጋለ።

«ምን ያስቃል?»

«ምንም፣ ምንም… ይቅር በይኝ የኔ እመቤት።»

«ይሠራል እኮ! እሺ ባይሠራስ? ከጣሉኝም መጀመሪያውኑ ሊጥሉኝ ፈልገው ነው። እርስዎን እንደጣሉዎት ማለት ነው። ገና ሲያዩኝ…»

ሳቁ ቆመ። ሚስ ሬኒታ እጇን በሽርጧ ጠረገችና ከጎኗ ያለውን ደረጃ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

«ተቀመጪ።»

ሚካያ ተቀመጠች።

«ያ ሰውዬ፣ ፈታኙ» አለች ሚስ ሬኒታ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ። «ምን አደረገኝ ብዬ ነው የማወራው?»

«ቆዳዎን አይቶ ጣለዎት።»

«አዎ። እንዲያ ነው የምለው።» ብሩሹን ከወደቀበት አነሳች። «ሰውዬው ደግ ሰው አልነበረም፤ በዚህ አልዋሸሁም። ከእኔ በፊት የሄዱትን ሁለት ጥቁር ልጆች ቦታው ሞልቷል ብሎ ከበር መልሷቸዋል። እኔን ያስገባኝ የጀልባዬ አለቃ ወረቀት ጽፎ ስለላከኝ ነው። ግን እኔን እሱ አልጣለኝም፣ ሚካያ።»

«ታዲያ ማን ጣለዎት?»

ሚስ ሬኒታ በአገጯ ወደ ደረጃው ጠቆመች። ሚካያ ወዴት እንደሆነ ለማየት ዞረች። እዚያ የነበረው ፌስታሉ ብቻ ነው።

«የአክስቴ ልጅ ሠርግ በማግስቱ ነበር። ሚዜ ነበርኩ። እናቴ ልክ እንደ ደልፊን ግማሽ ቀን ቆማ ተኮሰችኝ። እኔም እንዳንቺ ብልጥ ነኝ፤ ጨርቅ፣ ፌስታል፣ ከላዩ ቆብ። ቤት ውስጥ ሞከርኩት፣ ሠራ። የገንዳው ጫፍ ላይ ቆሜ ዘለልኩ። መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተኝቶ መሞከርና ከላይ መዝለል አንድ አይደለም። ውሃው ከሥር ገባና ፌስታሉ ተነፋ። ቆቡን አስፈንጥሮ ዓይኔ ላይ ወረደ፤ አፌ ላይ ተለጠፈ። ትንፋሽ አጠረኝ። መሰላሉን ያዝኩ። መሰላል የያዘ ወድቋል፤ ሕጉ ነው። ማንም ቢሆን ይጥለኝ ነበር፤ እኔም ብሆን እጥለኝ ነበር።»

ሚካያ ፌስታሉን በጣቷ ከአጠገቧ ገፋ አደረገችው።

«ስወጣ ፌስታሉ ውሃው ላይ ተንሳፎ ቀረ። የሱቁ ስም ሳይቀር ይነበባል። ወንዶቹ ሁሉ ይስቃሉ። እሱ አልሳቀም፤ ያ ሰውዬ። ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ያንን ነገር ከራስሽ ላይ አውርጂና ሐሙስ ተመለሺ› አለኝ።»

«ሐሙስ ተመለሺ አለዎት?»

«አለኝ።»

«ተመለሱ?»

«ቤት ስገባ እናቴ በር ላይ ቆማ ‹እህ?› አለችኝ። ምን ልበላት? ግማሽ ቀን ቆማ የተኮሰችው ፀጉር ረጥቦ ተንጨፍሯል። ስለ ፌስታል ልንገራት? ‹ሰውዬው ጣለኝ› አልኳት። እንዲህ ነው ያልኩት፤ በቃ። ቀሪውን እሷው ሞላችው። አቀፈችኝ። ጎረቤት መጣ። ፓስተሩ ጸለየልኝ። ሁሉም አለቀሰልኝ። ከዚያ በኋላ ሐሙስ እንዴት ልሂድ? ሄጄ ካለፍኩ እኮ ጥሎኝ እንዳልነበር ሊታወቅብኝ ነው። ሐሙስ አለፈ። የሚቀጥለውም አለፈ። ስድስት ዓመት ሙሉ እንቁላል ስጠብስ ኖርኩ፤ በሩን የዘጋብኝ ሳይኖር። ኋላማ እኔ ራሴም አመንኩት።»

ከመንገዱ ማዶ የሆነ ሰው ሣር ያጭዳል። የማጨጃው ድምፅ ቀርቦ እንደገና ራቀ።

ሚካያ ተናደደች። በመጀመሪያ በማን እንደተናደደች አላወቀችውም፤ ቀጥሎ ግን በደንብ ታወቃት።

«እኔ ያንን ታሪክ አምስት ዓመት ይዤዋለሁ» አለች። «ልጆች ክፍል ውስጥ ሲስቁብኝ፣ ‹ጀልባ ነጂ› ሲሉኝ፣ ያንን ነበር የማስበው። ሚስ ሬኒታን እንኳ… ለምንድን ነው የዋሹን?»

«ስለ ሰውዬው ስናገር ሰዉ አሜን ይላል። ስለ ፌስታል ማን አሜን ይላል?»

«አያስቅም!»

«አያስቅም፣ ልክ ነሽ» አለች ሚስ ሬኒታ። ከዚያ በኋላ አልቀለደችም። «የማፍርበት ነገር ነው። ለሰው ስናገረው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ሌላውን ስናገር የኖርኩት የእኛ ልጆች እንዲህ ያለ ነገር እውነትም ስለሚደርስባቸው ነው፤ እኔም ከዚያ በኋላ በብዙ ቦታ ደርሶብኛል። ሁለት ጊዜ ከሥሬ የነበረ ሰው በላዬ ላይ ተሹሟል። አንዱን ዓመት አለቃው ስሜን ለመጥራት እንኳ አልፈለገም፤ ‹ወጥ ቤቷ› ነበር የሚለኝ። እነዚያን መናገር እችል ነበር። ያን ቀን ግን የደረሰብኝ ያ አልነበረም።»

ሚካያ ላስቲኮቹን ሰበሰበች። እጇ ሥራ ስለፈለገ ነው።

«ዋናሽን አይቻለሁ» አለች ሚስ ሬኒታ። «ታኅሣሥ ላይ ማዕከሉ መጥቼ ከኋላ ተቀምጬ ነበር፤ አላየሽኝም። ውሃ ውስጥ እንዳንቺ የተረጋጋ ልጅ ጥቂት ነው። ነገ ገንዳው አያስፈራሽም። የሚያስፈራሽ ሴትዮ ወጥ ቤታችሁ ውስጥ ነች።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔ ፀጉርሽን አርጥቢ አልልሽም። ደልፊን ጎረቤቴ ናት፣ በሰላም መኖር እፈልጋለሁ። ያ ሠርግ ላይ የተነሳሁት ፎቶግራፍ ሳሎን ተሰቅሏል፣ ታይዋለሽ፤ ጎፈሬዬን አበጥሬ የቆምኩት። ሌሎቹ ሚዜዎች ሁሉ ተተኩሰው እኔ ብቻ እንዲያ። ያኔ አልቅሼ ነበር፤ አሁን ከሁሉም እኔ አምራለሁ። ለደልፊን ግን እኔ አልነግርልሽም። እንድጎነጉንሽም አትጠይቂኝ፤ እኔ የምጎነጉነው ገመድ ነው።»

ሚካያ ያለፍላጎቷ ፈገግ አለች። ንዴቱ ግን አልለቀቃትም። ተነስታ «ደህና ይዋሉ» አለችና ወደ ቤቷ ሄደች።

ቤት ስትደርስ ደልፊን ሶፋው ላይ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ እንቅልፍ ወስዷታል። አንድ እጇ ወገቧ ላይ ነው። ሚካያ ልትቀሰቅሳት አጠገቧ ቆመች፤ አልቀሰቀሰቻትም። ወጥ ቤት ገብታ ፌስታሉን አጣጥፋ ከሌሎቹ ፌስታሎች ጋር መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ይሄኛውን መወሰን አላስቸገራትም። ሚስ ሬኒታ ዘላ ያየችው ነገር ነው። ለእናቷ የመንገሩ ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ደረቷ ላይ ተቀምጦ አደረ።

ጠዋት ደልፊን በጥሩ ሁኔታ ላይ ነበረች። የልጇን ፀጉር በሐር ሻሽ አስራ መኪናዋን አስነሳች፤ መንገዱን ሙሉ ግጥሙን አስጠናቻት። ሚካያ ስድስተኛው ስንኝ ላይ ተደናቀፈች። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና እዚያው ላይ ተደናቀፈች።

«ምን ሆነሻል ዛሬ?»

«ምንም።»

የወጣቶች ማዕከሉ በር ላይ ደረሱ። ደልፊን መኪናዋን አቁማ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር እየገቡ ነው። አንዱ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጓል። ሌላዋ ፎጣ በብብቷ ይዛለች። ደልፊን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ፎጣ አየች።

«ለፈተና ፎጣ ምን ያደርግላቸዋል?»

ሚካያ የወንበር ቀበቶዋን ፈታች። «ዋና ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ፈተናው። ዋና ነው፣ ማሚ።»

ደልፊን መሪውን እንደያዘች ወደ ልጇ ዞረች፤ ዓይኗ ሻሹ ላይ አረፈ፣ ከዚያ ወደ ፎጣዎቹ ተመለሰ። ፊቷ ቀስ በቀስ ተለዋወጠ።

«ዛሬ? በፋሲካ ዋዜማ?» ድምፅዋ ከፍ አለ። «መቼ ነው የነገሯችሁ? ትናንት ነው አይደል? እነዚህ ሰዎች እኮ አውቀው ነው! የእኛ ልጆች ዛሬ ፀጉራቸው እንደሚሠራ ጠፍቷቸው ነው? ማን እንዲቀር ፈልገው እንደሆነ አጣሁት? ቆይ እኔ ገብቼ ነው የማናግራቸው። በስመ አብ! ትናንት ነው አይደል የነገሯችሁ? ንገሪኛ!»

እናቷ በሯን ከፍታ አንድ እግሯን አውጥታለች። ሚካያ አዎ ብትል ነገሩ ያልቃል። እናቷ ትጮኻለች፣ ውስጥ ያሉት ሰዎች ይደነግጣሉ፣ ምናልባትም ሌላ ቀን ይሰጧታል። እሑድ ፀጉሯ እንዳማረ መድረክ ትወጣለች። ሰፈሩም ሁሉ ያዝንላታል። አንዲት ቃል ናት። እናቷ ራሷ አዘጋጅታ አፏ ድረስ አቅርባላታለች።

«አይደለም» አለች ሚካያ።

«ምን አይደለም?»

«ትናንት አይደለም። ከወር በፊት ነው የነገሩን። ወረቀቱ ላይም አለ፤ አንቺ የፈረምሽው ላይ። እኔ ነኝ የደበቅሁሽ።»

ደልፊን እግሯን መለሰች። በሩን ዘጋችው፤ ግን በኃይል አልነበረም።

«ትናንት ወንበሩ ላይ ስትቀመጪ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆሜ።»

«አዎ።»

«ለምን?»

«እምቢ ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«እምቢ እልሽ ነበር» አለች ደልፊን። ሳትዋሽ ነው የተናገረችው። ዓይኗ ዕንባ አቀረረ፤ በእጇ ጀርባ ጠረገችው። «ያቺ ሴትዮ እሑድ ምን ትላለች? አስበሽዋል? ሁለተኛ ዓመት!»

«አስቤዋለሁ።»

«አሁን እምቢ ብልሽስ?»

የማዕከሉ በር እየተከፈተ ይዘጋል፤ ከውስጥ የገንዳው መድኃኒት ሽታ ይመጣል። የመጨረሻዎቹ ልጆች እየሮጡ ገቡ።

«እምቢ ካልሽ እንመለሳለን» አለች ሚካያ። «ሰው ሲጠይቀኝ ግን ጣሉኝ አልልም። ከልክለውኝም አልልም። አልገባሁም ነው የምለው።» የሻሹን ቋጠሮ ነካ አደረገች። «ግን መግባት እፈልጋለሁ፣ ማሚ። በጣም ነው የምፈልገው።»

ደልፊን የመኪናውን ሰዓት አየች። አምስት ደቂቃ ቀርቷል። ሞተሩ እንደተነሳ ነው፤ ማጥፋትም መሄድም የፈለገች አትመስልም። በረጅሙ ተነፈሰችና ወደ ልጇ ሳታይ እጇን ዘረጋች።

«ሻሹን አምጪው» አለች። «ሐር ነው። ውሃ ያበላሸዋል።»

ሚካያ ሻሹን ፈትታ ሰጠቻትና ከመኪናው ወረደች።